አይጧን ሲመቱ ምጣዱን፦ የአፍንጫና የአፍ ሊሽማኒያ እና የሰውነት መከላከያ

በምሥራቅ ብራዚል፣ ባሂያ በምትባለው ግዛት፣ በካካዎ እርሻ የሚተዳደር አንድ ገበሬ እግሩ ላይ ቁስል ወጣበት እንበል። ቁስሉ ክብ ነው፤ ጠርዙ ከፍ፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለ፣ ብዙም የማያም። ከጥቂት ወራት በኋላ በመርፌ መድኃኒት ይድናል፤ አንዳንዴም በራሱ ጊዜ ይሽራል። ጠባሳው ብቻ ይቀራል። ገበሬውም ነገሩን ረስቶ ወደ እርሻው ይመለሳል።

ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አሥርና ከዚያም በላይ። ከዚያ አፍንጫው መታፈን ይጀምራል። ገበሬው ጉንፋን ይመስለዋል። ቀጥሎ ውስጡ ቅርፊት ይይዛል፣ ይነስረዋል። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ቀስ በቀስ ተቦርቡሮ ይበሳል። በጊዜው ካልታከመ ልም አጥንቱ ያልቅና የአፍንጫው ጫፍ ወደ ታች ይወድቃል፤ ቁስሉም ወደ ላንቃ፣ ወደ ጉሮሮ፣ አልፎም ወደ ድምፅ ማውጫው ይወርዳል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ድምፁ ይሻክራል፣ ምግብ መዋጥ ይቸግረዋል፤ የሚውጠው ወደ ሳንባው እየገባበት ሕይወቱን ሊያጣም ይችላል።

አሁን ሐኪሙ ከዚህ ቁስል ጥቂት ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ይህን ሁሉ ጥፋት ያደረሰውን ተውሳክ በብዛት አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይገረማል። ተውሳኩ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። በምትኩ የቁስሉን ሥጋ ሞልተው የሚታዩት የታማሚው የራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

ታዲያ አፍንጫውን ያፈረሰው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ጥያቄ ይህ ነው። የአገራችን ሰው «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላል። ምጣድ ላይ የወጣችን አይጥ በዱላ የሚመታ ሰው ምጣዱንም ይሰብራልና። በዚህ በሽታ የምናየው ለምጣዱ የማይሳሳ መከላከያ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ተውሳኩና ዝንቡ

ሊሽማኒያ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ሰውን የሚያሳምሙ ከ20 በላይ ዝርያዎች አሉት። የሚያስተላልፉት የአሸዋ ዝንብ በመባል የሚታወቁ ነፍሳት ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ይህም የወባ ትንኝ ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። ሲበሩ ድምፅ የላቸውም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሎቿን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ700,000 እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች በዚህ ተውሳክ አዲስ እንደሚያዙ ይገምታል።

በሽታው እንደ ዝርያው መልኩን ይለዋውጣል። በመተማና በሑመራ ቆላ የሚታወቀው ካላአዛር ጉበትን፣ ጣፊያንና የአጥንት መቅኒን የሚያጠቃው ነው። ሁለተኛው የቆዳ ሊሽማኒያ ሲሆን በደጋው አካባቢ ቁንጭር ተብሎ ይጠራል። ሦስተኛው የዛሬው ርእሳችን፣ የአፍንጫን፣ የአፍንና የጉሮሮን የውስጥ ስስ ሽፋን፣ ማለትም በሕክምና አጠራር ሙኮሳን የሚያጠቃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዚህ ሦስተኛ ዓይነት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በአራት አገሮች ነው፤ እነርሱም ቦሊቪያ፣ ብራዚል፣ ፔሩና ኢትዮጵያ ናቸው። ሦስቱ ጎረቤታሞች ሆነው አራተኛዋ ከውቅያኖስ ማዶ መገኘቷ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስተመጨረሻ እንመለስበታለን።

በደቡብ አሜሪካ በሽታው የቆየ ነው። በፔሩ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት የሞቼ ሕዝቦች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በሠሯቸው የሸክላ ዕቃዎች ላይ አፍንጫቸውና ከንፈራቸው የተበላ ሰዎች ፊት ተቀርጾ ይገኛል። በ1911 ብራዚላዊው ሐኪም ጋስፓር ቪያና ተውሳኩን ሊሽማኒያ ብራዚሊየንሲስ ሲል ሰየመው። በማግሥቱ ዓመት አንቲሞኒ ያለበትን ጨው በደም ሥር በመስጠት ታማሚዎችን ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ቪያና በ1914፣ ገና በ29 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ አንቲሞኒ በተሻሻለ መልክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህ ንጥረ ነገር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከሰልፈር ጋር የተዋሐደው ማዕድኑ ጥንት ዓይን ይኳልበት የነበረው ኩል ነውና።

በጠላት ሆድ ውስጥ መኖር

ዝንቧ ስትነክስ ተውሳኩን ከምራቋ ጋር ቆዳ ውስጥ ትተዋለች። ሰውነት ወዲያው ይነቃል። መጀመሪያ የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ቀጥለው ማክሮፌጆች ይመጣሉ። እነዚህ ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚፈጩ ትልልቅ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ሊሽማኒያንም ይውጡታል። ነገር ግን ተውሳኩ መዋጥን አይፈራም፤ እንዲያውም ይፈልገዋል። ማክሮፌጁ ባክቴሪያን በሚፈጭበት አሲድ በሞላበት ከረጢት ውስጥ ገብቶ ጅራፍ መሰል ጭራውን ይጥላል፤ ከዚያም ተድቦልቡሎ መራባት ይጀምራል።

ማክሮፌጁ ብቻውን ይህን ነዋሪ ማስወጣት አይችልም። ከውጭ ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ትእዛዙን የሚሰጡት ቲ ሊምፎሳይት የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። አንዳንዶቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ሲለቁ ማክሮፌጁ ባሕርዩን ይለውጣል። ናይትሪክ ኦክሳይድንና ሌሎች መርዛማ የኦክስጅን ውሕዶችን እያመነጨ በውስጡ ያለውን ተውሳክ ይገድላል። ቱመር ኔክሮሲስ ፋክተር የተባለው ሌላ መልእክተኛም በዚህ ሥራ ያግዛል። በአጭሩ ቲኤንኤፍ እንበለው።

በ1986 ሞስማንና ኮፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች ረዳት ቲ ሕዋሳት ቢያንስ በሁለት እንደሚከፈሉ አሳዩ። የመጀመሪያዎቹ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚለቁ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ሌላ ዓይነት መልእክት እያስተላለፉ ማክሮፌጁን ያለዝቡታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ምላሽ ያላቸው አይጦች ከሊሽማኒያ ሲድኑ ሁለተኛው ዓይነት ያላቸው መሞታቸው ታወቀ። ትምህርቱ ግልጽ መሰለ፤ ጠንካራ ምላሽ መዳን፣ ደካማ ምላሽ መሞት። በኢሚዩኖሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ምሳሌ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለተማሪም ቀላል ነው። ችግሩ የባሂያው ገበሬ ለዚህ ምሳሌ አለመታዘዙ ነው።

ሁለቱ ጽንፎች

የሰው ሊሽማኒያ እንደ አይጡ በሁለት ሳጥን አይከተትም። ሁለት ጽንፎች አሉት፤ አብዛኛው ሕመምተኛ በመካከል ይገኛል። ከጽንፎቹ አንዱን ለማየት ብራዚል ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋ በሊሽማኒያ ላይ ጥናት ካካሄዱት መካከል በእንዶድ ምርምራቸው የምናውቃቸው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና እንግሊዛዊው ሐኪም አንተኒ ብራይሰን ይገኙበታል። ብራይሰን በ1969ና በ1970 ባሳተሟቸው ጽሑፎች መላ ቆዳን የሚያዳርስ ሊሽማኒያ የያዛቸውን ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ገልጸዋል። የእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ጆሮ፣ ክንድና እግር በጓጎላ ይሸፈናል። ጓጎላው ግን አይቆስልም። ሐኪሙ ከእርሱ ቅንጣት ወስዶ ሲያይ ማክሮፌጆቹ በተውሳክ ታጭቀው ያገኛቸዋል፤ ቲ ሕዋሳት ግን እምብዛም አይታዩም። የሞተ ተውሳክ ከክንዳቸው ቆዳ ሥር ሲወጋ፣ ሌላው ታማሚ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያሳየው እብጠት በእነርሱ ላይ አይወጣም። ሰውነታቸው ጠላቱን አላየውም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ብዙዎቹም የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች እየተባሉ ኖረዋል።

ሌላው ጽንፍ ገበሬያችን ነው። ተውሳኩ ጥቂት፣ ቲ ሕዋሳቱ እልፍ። የቆዳ ምርመራው ሲደረግለት እብጠቱ ትልቅ ነው። በ1985 ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤድጋር ካርቫልዮና ባልደረቦቹ ከታማሚዎች ደም ሊምፎሳይቶችን ለይተው ከተውሳኩ ፕሮቲን ጋር አገናኟቸው። የአፍንጫ ሕመምተኞቹ ሕዋሳት ከቆዳ ሕመምተኞቹ ይልቅ በብርቱ ተራቡ፤ ብዙ ኢንተርፌሮን ጋማም ለቀቁ። በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ቲኤንኤፍም እንዲሁ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ማለትም በአይጡ ምሳሌ መሠረት ፈጥነው መዳን የነበረባቸው ሰዎች አፍንጫቸውን የሚያጡት ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በ2020 ኮሮና በመጣ ጊዜ ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ሽፈራውም «በሽታ የመከላከል አቅምን ይጨምራል» እየተባለ ሲሸጥ ሁላችንም አይተናል፤ ገዝተናልም። መከላከያ ከፍ ባለ መጠን ጤና ይበዛል የሚለው እምነት በሕዝቡ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በመማሪያ ክፍሎቻችንም አለ። የአፍንጫ ሊሽማኒያ ይህን እምነት ከሚፈትኑ በሽታዎች አንዱ ነው፤ ከመከላከያ ማነስ ሳይሆን ከመብዛቱ የሚመጣ ጥፋት ነውና።

ዱላውን የያዘው ማን ነው?

መብዛቱ ብቻ ግን በቂ ማብራሪያ አይሆንም። ሥጋን የሚበላው የትኛው ሕዋስ ነው? በምንስ መሣሪያ?

ቲኤንኤፍ አንዱ ተጠርጣሪ ነው። በልኩ ሲሆን ማክሮፌጁን ያበረታል፤ ሲበዛ ግን የደም ሥሮችን ያሳብጣል፣ ሌሎች ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይጠራል፣ ሥጋን እስከ መግደል ይደርሳል። ስሙም የመጣው ከዚህ ገዳይነቱ ነው። በ1995 በቬኔዙዌላ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቲኤንኤፍ ጂኖች ላይ የሚታዩ አንዳንድ ልዩነቶች ከአፍንጫ ሊሽማኒያ ጋር እንደሚያያዙ አመለከተ። ይህም የቆዳ ሊሽማኒያ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከ1 እስከ 10 በመቶ የሚገመቱት ብቻ ለምን ወደ አፍንጫው ደረጃ እንደሚሸጋገሩ በከፊል ሊያስረዳ ይችላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይበልጥ ትኩረት ይስባል። ከቲ ሕዋሳት መካከል ሲዲ8 የሚባሉት ሥራቸው ትእዛዝ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው ይገድላሉ። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ሲያገኙ ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ግድግዳውን ይበሱታል፤ ግራንዛይም የተባሉትን ኤንዛይሞች ይጨምሩበታል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ለቫይረስ ይህ ጥሩ መላ ነው። የሕዋሱ መሞት የቫይረሱ ፋብሪካ መዘጋት ስለሆነ። ለሊሽማኒያ ግን ማክሮፌጁ ቢፈነዳ ምን ይጎድልበታል? ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ማክሮፌጅ ይገባል።

በ2013 የታተመ አንድ የአይጥ ሙከራ ይህን በጥሩ ሁኔታ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ምንም ዓይነት ቲም ሆነ ቢ ሊምፎሳይት የሌላቸውን አይጦች በሊሽማኒያ ብራዚሊየንሲስ ለከፉ። ተውሳኩ በአይጦቹ ሰውነት ውስጥ ተራባ፤ ቁስል ግን አልወጣም። ይህን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ደግሞ እንዲያነበው እንጠይቃለን፤ መከላከያው በሌለበት ተውሳኩ ብቻውን አላቆሰለም። ከዚያ ለተወሰኑት አይጦች ረዳት ቲ ሕዋሳትን ሰጧቸው፤ እነዚህ ተውሳኩን ተቆጣጠሩት። ለሌሎቹ ደግሞ ሲዲ8 ሕዋሳትን ብቻ ሰጧቸው። ተውሳኩ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ከባድ ቁስል ወጣ። ከተለከፈው ቦታ ርቀው በሚገኙ የሰውነት ክፍሎች ላይም ሌሎች ቁስሎች ተከተሉ። ፐርፎሪን የሌላቸው ሲዲ8 ሕዋሳት ሲሰጡ ግን ጥፋቱ ያን ያህል አልሆነም። እንግዲህ ዱላው ፐርፎሪን ነበር።

ሲዲ8 የገደለው ሕዋስ ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው ሁሉ ይዘረገፋል። ይህን ዝርግፍ በአቅራቢያው ያሉ ሕዋሳት እንደ አደጋ ምልክት ይወስዱትና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ይለቃሉ። እርሱ ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፤ እነርሱም ሥጋን የሚያሟሙ ኤንዛይሞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በ2017 እነዚሁ ተመራማሪዎች ይህን ሰንሰለት በአይጦች ላይ በመድኃኒት መበጠስ እንደሚቻል አሳዩ። ከተጠቀሙባቸው መድኃኒቶች አንዱ ለስኳር ሕመም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ግሊቤንክላሚድ መሆኑን ስናነብ ተገርመናል። (ይህ የአይጥ ሙከራ ነው፤ ማንም ሰው ለቁስል ብሎ የስኳር መድኃኒት እንዳይውጥ!)

በጤናማ ሰውነት እንዲህ ያለው ጥቃት ልጓም አለው። ዋነኛው ልጓም ኢንተርሉኪን 10 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ሥራው «ይበቃል» ማለት ነው። ተውሳኩ ሲቀንስ ይህ መልእክት ይበረክታል፤ ሕዋሳቱ ይበተናሉ፤ ቁስሉ ይሽራል። በአፍንጫ ሕመምተኞች ዘንድ ግን በሁለት በኩል ይጓደላል። የታማሚዎቹ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 10ን በበቂ መጠን አያመነጩም። በ2005 በወጣ ጥናት ደግሞ በቁስሉ ውስጥ ይህን መልእክት የሚቀበለው ተቀባይ ፕሮቲን አንሶ ተገኝቷል። ይበቃል የሚለው ድምፅ አነስተኛ ነው፤ ሰሚውም ጆሮው ተደፍኗል።

ከአፍንጫ ለምን እንደሚጀምር ሳይጠየቅ አይቀርም። ተውሳኩ ከመጀመሪያው ቁስል በደም ወይም በሊምፍ ሥር አድርጎ ወደ ሌላ ቦታ ይጓዛል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የአፍንጫ ሙቀት ከሌላው ሰውነት ዝቅ ያለ መሆኑና ይህም ለተውሳኩ የሚስማማው መሆኑ ነው።

በተውሳኩ ውስጥ ያለ ቫይረስ

እስካሁን ጥፋቱን ሁሉ በሰውየው ላይ ጫንን። ተውሳኩም ግን ንጹሕ አይደለም። በ1988 ሊሽማኒያ ጉያኔንሲስ በተባለው የደቡብ አሜሪካ ዝርያ ውስጥ የራሱ የሆነ ቫይረስ እንደሚኖር ታወቀ። ተውሳክ በተውሳክ ላይ መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመታት እንደ አንድ አስደናቂ ነገር ከመጠቀስ ያለፈ ትርጉም አልተሰጠውም ነበር።

በ2011 ግን በስዊዘርላንድ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነገሩን ለወጠው። ቫይረሱ ያለበት ተውሳክ ማክሮፌጅ ውስጥ ሲገባ፣ የቫይረሱ አርኤንኤ ማክሮፌጁ ለቫይረስ ያዘጋጀውን የማስጠንቀቂያ ደወል ይነካል። ማክሮፌጁም ቫይረስ የገባበት መስሎት ቲኤንኤፍንና ሌሎች የብግነት መልእክተኞችን ይለቃል። በአይጦቹ ላይ ቁስሉ ከበደ፤ ተውሳኩም በዛ። የተሳሳተ ደወል የተሳሳተ ጦር ጠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ቫይረስ ያለባቸው ተውሳኮች ያሳመሟቸው ሰዎች ላይ መድኃኒት አልሠራ የሚልበት ጊዜ እንደሚበዛ የሚያመለክቱ ጥናቶች በ2016 ወጥተዋል።

ሁለት እጅ ያለው ሕክምና

ይህ ሁሉ እውቀት ለታማሚው ምን ይረባዋል? አንቲሞኒ ተውሳኩን ይገድላል፤ ነገር ግን ዱላ የጨበጠውን እጅ አይዝም። በዚህም ምክንያት የአፍንጫ ሕመምተኞች ለ30 ቀናት በየዕለቱ መርፌ ተወግተውም ሳይድኑ የሚቀሩበት፣ ድጋሚ ወር የሚወጉበት ጊዜ ብዙ ነው። መርፌው ደግሞ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል ነው።

የባሂያ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ፔንቶክሲፊሊን እግር ላይ የደም ዝውውር ለታወከባቸው ሰዎች የሚሰጥ የቆየ ክኒን ነው። ቲኤንኤፍ እንዳይመረት የመግታት ባሕርይም አለው። በ2007 ያሳተሙት ሙከራ 23 ታማሚዎችን ያካተተ ነበር። ሁሉም ለ30 ቀናት አንቲሞኒ ተሰጣቸው። በተጨማሪ 11ዱ ፔንቶክሲፊሊን፣ 12ቱ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ። ፔንቶክሲፊሊን የወሰዱት 11ዱም በአንድ ዙር ዳኑ። ከሌሎቹ 12 አምስቱ ሁለተኛ ዙር አስፈለጋቸው። ቁስሉ እስኪሽር የፈጀው ጊዜ በአማካይ በመጀመሪያው ቡድን 83 ቀናት፣ በሁለተኛው 145 ቀናት ነበር።

ሃያ ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ውጤቱ የሚያስተምረው ከቁጥሩ ይበልጣል። በተላላፊ በሽታ የተያዘን ሰው መከላከያ ማድከም በተለምዶ እንደ ስሕተት የሚቆጠር ነገር ነው። እዚህ ግን ገዳዩን መድኃኒት በአንድ እጅ፣ ልጓሙን በሌላ እጅ ይዞ ማከም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ለዚህ በሽታ አንቲሞኒ ብቻውን ወይም ከፔንቶክሲፊሊን ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። ልጓሙ ብቻውን፣ ያለ ገዳዩ መድኃኒት፣ ለተውሳኩ በር መክፈት እንደሚሆን ግን መዘንጋት የለበትም።

ለክትባት ሠሪዎችም ነገሩ ቀላል አይደለም። ለሰው የሚሆን የተረጋገጠ የሊሽማኒያ ክትባት እስካሁን የለም። የሚሠራው ክትባት ረዳት ሕዋሳትን ያለ ገዳዮቹ ሊያነቃ፣ ካነቃም በኋላ ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል። የሚያስነሣውን ኢንተርፌሮን ጋማ ብቻ እየለኩ ክትባት መምረጥ ብዙ ኢንተርፌሮን ጋማ ያለው ገበሬያችን ላይ የደረሰውን መርሳት ነው።

ወደ ደጋችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የቆዳ ሊሽማኒያን በዋነኛነት የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ነው። ይህ ዝርያ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች፣ ገደልና ዋሻ ባለበት፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ይገኛል። ተውሳኩ በሽኮኮዎች ውስጥ ይቆያል፤ በገደሉ ስንጥቅ የሚራቡት የአሸዋ ዝንቦችም ከሽኮኮ ወደ ሰው ያሻግሩታል። በደቡብ ወሎ ኩታበር፣ በስልጤ፣ በጋሞ ደጋ የምትገኘው ኦቾሎ በጥናት የሚታወቁ ቦታዎች ናቸው። በአገሪቱ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች እንደሚያዙ ተገምቷል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ሲሆኑ ቁስሉም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፊት ላይ ነው።

የእኛና የባሂያው የአፍንጫ ሕመም አመጣጡ ይለያያል። ባሂያ ላይ ቁስሉ እግር ላይ ወጥቶ፣ ሽሮ፣ ከዓመታት በኋላ አፍንጫ ውስጥ ይነሣል። በእኛ ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣው ቁስል ራሱ ሳይሽር እየሰፋ ወደ ውስጥ ይገባል። ከንፈር ያብጣል፣ አፍንጫ ይወፍራል። ስለዚህ የብራዚሉን መደምደሚያ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አያዋጣም። በየአንዳንዱ ታማሚ ላይ ሁለት ነገር መለካት ያስፈልጋል፤ የተውሳኩ ብዛትና የመከላከያው ብርታት። ተውሳኩ ለበዛበት ታማሚ ፔንቶክሲፊሊን መስጠት እና ተውሳኩ ላነሰበት መስጠት አንድ ነገር አይሆንምና።

ለዚህ ሥራ መሠረት የሚሆን ነገር በአገር ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ለሥጋ ደዌ ጥናት ከተቋቋመበት ጊዜ አንስቶ የሕዋሳትን መከላከያ ሲያጠና ኖሯል። በሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠሩት ሐና አኩፎና ባልደረቦቻቸው በ1997 አንድ አስገራሚ ውጤት አሳተሙ። መላ ቆዳቸው ከተያዘ ታማሚዎች የተወሰደው ተውሳክ በጤነኛ ሰው ሕዋሳት ላይ ሲጨመር በይበልጥ የሚቀሰቅሰው ልጓሙን ኢንተርሉኪን 10ን ነው። አንድ ቁስል ብቻ ካላቸው ሰዎች የተወሰደው ግን ኢንተርፌሮን ጋማን ይቀሰቅሳል። የዝርያው ስም አንድ፣ ጠባዩ ሁለት።

በ2014 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ ከአገራችን ታማሚዎች በተወሰዱ አንዳንድ የሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ናሙናዎች ውስጥ የደቡብ አሜሪካው ቫይረስ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ እንዳለ አገኘ። ቫይረሱ ያለባቸው ናሙናዎች ማክሮፌጆችን ወደ ብግነት ይበልጥ ይገፋፉ ነበር። ከውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለቱ አፍንጫ አፍራሾች ቢያንስ አንድ የጋራ ተባባሪ ሳይኖራቸው አይቀርም።

በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በጎንደርም በዩኒቨርሲቲው የሊሽማኒያ ማእከል ከንፈራቸውና አፍንጫቸው የተያዘ ሰዎች ይታከማሉ። ብዙዎቹ ከዚያ የሚደርሱት ከወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ፣ ጸበሉንም ቅጠሉንም ሞክረው ነው። ሐኪሙ ከቁስሉ የሚቆርጠውን ቅንጣት ዛሬ የሚመረምረው በዋነኛነት ተውሳኩ አለ ወይስ የለም የሚለውን ለመለየት ነው። በዚያው ቅንጣት ውስጥ ሲዲ8 ሕዋሳት፣ ግራንዛይምና የኢንተርሉኪን 10 ተቀባይም አሉ፤ ለሚቆጥራቸው ሰው።